የእኔ ቀዝቅዟል፣ የሐጂ ግን ደርቷል

በእኛ ጊዜ ስላችሁ ያ የድሮው ዘመን እንዳይመስላችሁ፤ እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ጊዜው የእኔም ነው፣ እና የማጫውታችሁ የአሁኑን ነው፣ እዚሁ የከተማችን ግንብ በር፣ ፈላና በር ላይ የሆነውን። ቁጭ በሉ እስቲ። አንተ በሩን አትዝጋው፣ ንፋስ ይግባበት።

ታዲያ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ይኼን ታውቃላችሁ። ከበሩ አለፍ ብሎ፣ ከገጠር የሚመጣው ሚኒባስ ከሚቆምበት ፊት ለፊት የስፌት መኪናዬን አውጥቼ እሰፋለሁ። በቀኜ ሐጂ ዩሱፍ ቅመም ይሸጣሉ፣ በግራዬ አዴ ሞሚና ለውዝ ትቆላለች። በመካከላችን ያለው ቆርቆሮ ነው፣ አንዱ ሲያስነጥሰው ሌላው ይማርህ ይላል።

እና በየሦስት ወሩ ከወረዳው ቢሮ አንድ ልጅ ይመጣል። አንተነህ ይባላል፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ነው፣ ጨዋ ልጅ። ሥራው ስለ ገበያ መጠየቅ ነው። «ጋሽ ታደሰ፣ በዚህ ሩብ ዓመት ሥራ እንዴት ነበር? ደርቷል፣ ቀዝቅዟል፣ ወይስ እንደነበረ ነው?» ይለኛል። እኔም «ቀዝቅዟል» እለዋለሁ። ሦስት ወር ቆይቶ ይመጣል፣ «ቀዝቅዟል»። በፋሲካ ሰሞን ይመጣል፣ ሰው ጨርቁን ይዞ አናቴ ላይ ቆሞ፣ እኔ መርፌ በአፌ ይዤ፣ «ቀዝቅዟል»።

ምን ልበለው ታዲያ? ደርቷል ብል ግብር ሰብሳቢው ይሰማል፣ አከራዩ ይሰማል፣ የሚስቴ ወንድም ይሰማል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዓይን አለ። ሰው በገዛ አፉ ሥራዬ ደርቷል ብሎ በማግስቱ መኪናው ሲሰበር አይቻለሁ። አትሳቁ፣ አይቻለሁ።

ሐጂማ ከእኔም የባሱ ናቸው። ልጁ ይጠይቃቸዋል፣ እሳቸው ጺማቸውን ይዘው «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። «እሺ ሐጂ፣ ደርቷል ልበል?» «አልሐምዱሊላህ አልኩህ።» «ቀዝቅዟል?» «በሁሉም አልሐምዱሊላህ ነው።» ልጁ ግራ ገብቶት ወደ እኔ ይዞራል፣ «ጋሼ፣ ይኼን የት ላስገባው?» ይለኛል። እኔም «ቀዝቅዟል በል፣ እሳቸው ደርቷል ብለው አያውቁም» እለዋለሁ። አዴ ሞሚናማ ጥያቄውን እስኪጨርስ እንኳ አትጠብቀውም፤ ገና ከሩቅ ስታየው «ሞቷል፣ ሞቷል» ትለዋለች፣ ከዚያ ግን በእፍኟ ለውዝ ዘግና ኪሱ ውስጥ ትጨምርለታለች። ልጁም ለውዙን እየቆረጠመ ሞቷል ብሎ ይጽፋል።

እንዲህ እያልን በሰላም ስንኖር አንድ ቀን ወረዳው ለስብሰባ ጠራን። ሄድን። ኃላፊዋ ተነሳችና «በፈላና በር አካባቢ የንግዱ እንቅስቃሴ በየሩብ ዓመቱ እየቀዘቀዘ፣ እየቀዘቀዘ መጥቷል። እንግዲህ ገበያተኛ ከሌለ ሚኒባሱ ለማን ይቆማል? ስለዚህ ፌርማታው ወደ አቦከር ሰፈር ሊዛወር ነው» አለችን።

ልጆቼ፣ የእኔ እንጀራ እኮ ያ ሚኒባስ ነው። የገጠሩ ሰው ለሠርግ የሚሆነውን ጨርቅ ይዞ ይወርዳል፣ እግሩ መሬት ሲነካ እኔን ያያል፣ እለካዋለሁ፣ በሌላ ገበያ ሲመለስ ልብሱ ደርሶ ይጠብቀዋል። አቦከር ከወረደ ማን እኔን ብሎ ይመጣል? በዚህ ዕድሜዬ መኪናዬን ተሸክሜ ሚኒባስ ላሳድድ ነው? ፈራሁ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በጣም ፈራሁ።

ኃላፊዋ ደግሞ ዞር ብላ አየችንና «የለም፣ እኛ ጋ ገበያ አለ የምትሉ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ፣ እንመዘግባለን» አለች። ማን ያውጣ ታዲያ? የገቢዎቹ ሰውዬ ከፊት ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ሐጂ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። «አቦ ታደሰ፣ ተናገር እንጂ።» «እርስዎ ታላቅ አይደሉ እንዴ፣ ይናገሩ።» «እኔ ምን አለኝና?» «እኔስ ምን አለኝ?» እየተባባልን ሳለ አዴ ሞሚና ሻሿ ተንሸራቶባት ልታስተካክለው እጇን ከፍ ስታደርግ ኃላፊዋ «እሺ እናቴ፣ ይናገሩ» አለቻት። ሞሚና እጇን እሳት እንደነካው ሰው መለሰችውና «ሻሼን ነው» አለች። አዳራሹ ሳቀ፣ እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

ኃላፊዋ ክፉ ሰው አይደለችም። «እንግዲያው አንተነህ አንድ ጊዜ እንደገና ዞሮ ይጠይቃችሁ። ከዚያ በኋላ ግን እንዳትወቅሱን» አለች። ወጣን። መንገዱን ሙሉ ሐጂ እኔን ይቆጣሉ፣ እኔ ሞሚናን እቆጣለሁ፣ ሞሚና ሁለታችንንም ትቆጣለች። «ነገ ሁላችንም ደርቷል እንላለን፣ አለቀ» ተባባልንና ተለያየን።

በማግስቱ አንተነህ መጣ። የገበያ ቀን ነው፣ ሰዉ እርስ በርሱ ይገፋፋል፣ ደጃፌ ላይ መቆሚያ የለም። «ጋሽ ታደሰ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ዛሬ እውነቱን ይንገሩኝ። ሥራ እንዴት ነው?» አለኝ። እኔ እኮ ከቤቴ ስወጣ ጀምሮ ደርቷል፣ ደርቷል እያልኩ አፌን ሳለማምድ ነው የመጣሁት። እና አፌን ከፈትኩ፣ ከፈትኩና «ቀዝቅዟል» አልኩት።

ልጁ ራሱን ያዘ። «ጋሼ፣ ፌርማታው ሊሄድ ነው እኮ። ይኼ ሁሉ ሰው ታዲያ ምንድን ነው?»

«ይኼማ ወረፋ የሚጠብቅ ነው» አልኩት።

«ወረፋ ካለ ሥራ አለ ማለት ነዋ።»

ተናደድኩ። ሰው መውጫ ሲያጣ ይናደዳል። «እኔን ምን ትጨቀጭቀኛለህ? የደራላቸው ሐጂ ናቸው። ሂድና እያቸው፣ ሚዛናቸው አርፎ አያውቅም፣ በርበሬው ከጆንያው ሳይወጣ ነው የሚያልቀው። የልጃቸውን ሠርግ አልሰማህም? ሰፈሩ በልቶ በልቶ ተርፎ ነበር» አልኩት።

ሐጂ በቆርቆሮው ማዶ ሁሉንም ሰምተዋል። ሚዛናቸውን እንደያዙ ወጡ። «ማን ነው የደራለት? እኔ? ወላሂ፣ እኔ አልሐምዱሊላህ ብዬ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ሥራ የበዛለት እሱ ነው። ሚስቱ ምሳ ታመጣለታለች፣ ከፍቶ አያየውም፣ እንደተከደነ ይዛው ትመለሳለች። ዓይኑን እየው፣ ደም መስሏል። እኔ በየሶላቴ ዱዓ አደርግለታለሁ፣ ያ ረቢ ይኼን ሰው ሥራው ሳይጨርሰው አሳርፈው እያልኩ» አሉ።

ምሳዬ እንደተከደነ እንደሚመለስ እኔ ራሴ ልብ ብዬው አላውቅም፣ ሐጂ ግን ቆጥረውታል። ዱዓ እንደሚያደርጉልኝም ያን ቀን ነው የሰማሁት። ልቆጣቸው አልችል፣ ላቅፋቸው ደግሞ ያ ሁሉ ደንበኛ ያየኛል፣ መርፌዬን መልሼ አፌ ውስጥ አደረግሁ።

በዚህ መሐል አዴ ሞሚና ከመጥበሻዋ ቀና ብላ «ሁለቱም ውሸታሞች ናቸው፣ እኔን ጠይቀኝ» አለች። «ሐጂ ጋ የሚገባው ሰው መግቢያ አሳጥቶኛል። ታደሰ ጋ ወረፋ የሚጠብቀው ደግሞ ጨርቁን ታቅፎ የእኔን ለውዝ ሲቆረጥም ነው የሚውለው። ስቆላ ክንዴ ዛለ።»

«ታዲያ የእርስዎም ደርቷል ማለት ነዋ፣ አዴ» አላት አንተነህ።

«የእኔማ ሞቷል» አለች።

ያኔ ለልጁ ነገሩ ገባው። ከዚያ ወዲያ ማንንም ስለ ራሱ አልጠየቀም። ምግብ ቤቱን ስለ ባጃጅ ነጂው ጠየቀ፣ ባጃጅ ነጂውን ስለ ምግብ ቤቱ ጠየቀ፣ ጫማ ሰፊውን ስለ ፀጉር አስተካካዩ፣ እና ያ ስንት ዘመን አፉን የዘጋ ሰፈር ወሬውን አወረደው። ስለ ጎረቤት ሲሆን ማን ይሰስታል? የማን ጆንያ ስንት ጊዜ እንደገባ፣ ማን ቴሌቪዥን እንደቀየረ፣ ማን ደንበኛ በዝቶበት እንደሚሳደብ፣ ሁሉም ተነገረ።

እንደገና ተሰበሰብን። ኃላፊዋ አንተነህ የጻፈውን አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። «በፈላና በር ሁሉም ነጋዴ የራሱ ሥራ እንደቀዘቀዘ፣ የጎረቤቱ ግን እንደደራ አስረድቷል። እኔ ይኼን እንዴት ልረዳው?» አለች። ሐጂ እንኳ አልሐምዱሊላህ አላሉም። ታዲያ አንተነህ ተነሳና «ስለ እያንዳንዱ ሱቅ ቀዝቅዟል የሚለው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ባለቤቱ። ደርቷል የሚለው ግን የቀረው ሰፈር በሙሉ ነው። እኔ የሰፈሩን ቃል ነው የማምነው» አላት። ሴትዮዋ ሳቋ አመለጣት፣ ፌርማታውም ባለበት ቀረ። የገቢዎቹ ሰውዬም ሲስቅ አይቼዋለሁ፣ የእሱን ሳቅ ግን አልወደድኩለትም።

በቀደም ታዲያ አንተነህ እኔ ጋ መጣ። መጠየቂያ ወረቀቱን አልያዘም፣ ጨርቅ ነው የያዘው። ሊያገባ ነው። «ጋሼ፣ ሙሉ ልብስ ይስፉልኝ፣ ለሚመጣው ሳምንት» አለኝ። ልሰፋለት ልቤ እንዴት ፈለገ መሰላችሁ፣ ያ ልጅ እኮ ባይኖር እኔ ዛሬ ቤቴ ተቀምጬ ዝንብ እሽ የምል ሰው ነኝ። ግን መደርደሪያውን ቀና ብዬ ሳየው ያልተነካው ጨርቅ ጣሪያ ሊደርስ ነው። «ልጄ፣ ለሚመጣው ሳምንትማ አልደርስልህም፣ ሥራ እኮ በዝቶብኛል» አልኩት።

ከአፌ ሲወጣ ደነገጥኩ። ልጁ ጨርቁን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና አንገቱን ወደ ቆርቆሮው አስግጎ «ሐጂ፣ ሰሙ?» አለ።

«ሰምቻለሁ» አሉ ሐጂ ከማዶ።

«እኔም ሰምቻለሁ» አለች ሞሚና፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ምን ላድርግ ታዲያ? የሰዉን ጨርቅ ሁሉ ወደ ጎን ገፋሁና የእሱን አስቀደምኩለት፣ እንዳይጽፈኝ ብዬ። ሳቁ፣ ሳቁ፣ እኔም እየሳቅሁ ነው የሰፋሁት።