በወረቀቱ አናት ላይ የተጻፈው

ነገሩ የጀመረው የጡረታ ደብተሬን ኮፒ ላስደርግ የሰፈራችን ጥግ ላይ ወዳለችው ሱቅ ጎራ ያልኩ ቀን ነው። ማሽኑ ፊት ወረፋ የያዙት ሁለቱ ሰዎች ቀድሞውንም ክርክር ይዘዋል። አንደኛው የልጅነት ጓደኛዬ አናጢው ነው፤ የሠራው በር ዘመም ብሎ ስለማያውቅ ሰፈሩ «ውሃልክ» ይለዋል። ሌላዋ የእህቱ ልጅ ናት፤ ሆስፒታል ውስጥ የማቀዝቀዣ ማሽን የምትጠግን፣ የተማረች፣ ያመነችበትን ሳትናገር የማታድር ልጅ።

«መምህር፣ እንኳን መጡ። እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አለችኝ።

በዘመድ መሀል ገብቶ መፍረድ እንደማልወድ እያወቀች ነው። ጉዳዩ ከቤቶቻችን ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ሊሠራ የታሰበው ዳታ ሴንተር ነበር፤ የሰው ሁሉ ስልክና ኮምፒዩተር የሚልከውን መረጃ የሚያከማቹ ማሽኖች የሚታጎሩበት ትልቅ አዳራሽ ማለት ነው። ማሽኖቹ ስለሚግሉ ቀን ከሌት በትልልቅ ማራገቢያ ሊቀዘቅዙ ግድ ነው። ልጅቱ የተቃውሞ ፊርማ ታሰባስባለች፤ አጎቷ ግን አልፈርምም ብሎ ድርቅ ብሏል።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ከሁለት ወር በፊት የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ የሰፈሩን ትልልቅ ሰዎች ጠርቶ ሻይ ጋብዞን ነበር። ያን ቀን ውሃልክ ተነስቶ ስለ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ስለ ድምፅ። ባለቤቱ ዓይኗ ከጠፋ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። መሪ ግን አትፈልግም፤ መንገዱን በጆሮዋ ነው የምታውቀው። የልብስ ሰፊውን መኪና ስትሰማ ወደ ግራ ትታጠፋለች፣ የዳቦ ቤቱ የብረት በር ሲንቋቋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ የቧንቧው ውሃ ሲንጠባጠብ ቤቷ ደርሳለች። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሰምቶ እጁን ጨበጠውና «ከግንቡ ውጭ የሚሰማ ነገር አይኖርም፤ ቃሌን ሰጥቼዎታለሁ» አለው። ለጓደኛዬ ይህ ከበቂ በላይ ነበር። አርባ ዓመት በርና መስኮት ሲሠራ ውል ተዋውሎ አያውቅም፤ ቃል ይሰጣል፣ ቃል ይቀበላል፣ አለቀ።

«ሰውዬው ዓይን ዓይኔን እያየ ነው ቃል የገባልኝ» አላት። «አሁን ሄጄ ተቃውሞ ብፈርም ቃሌን የበላሁት እኔ ልሆን አይደለም?»

«አጎቴ፣ ሰውዬው ውሸታም ነው አላልኩም። ግን ማራገቢያውን የሚገዛው ሌላ ነው፣ የሚያስነሳው ሌላ ነው። ነገ እሱ ሥራ ቢለቅ ማንን ይይዛሉ? እኔ የምውለው ከነዚህ ማሽኖች ጋር ነው፤ አንዱ ሲነሳ አጠገቤ የቆመውን ሰው አልሰማውም። ድምፁ ከዚህ እንዳያልፍ በቁጥር ይጻፍልን ነው የምልዎት።»

«ሰው ከሚታመን ቁጥር ይታመን?»

«ሰውየውን ይመኑት፣ ማሽኑን ግን ይለኩት። እርስዎስ ሳንቃ በዓይንዎ ብቻ ይቆርጣሉ?»

ውሃልክ ጆሮው ላይ የሰካትን እርሳስ ነካ ነካ አደረገ። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልቤ ወደሱ ነበር ያደላው። በኛ ዕድሜ ያለ ሰው ወረቀት ጠይቆ ሰው ማስቀየም ይከብደዋል።

ልጅቱ ኮፒ የምታስደርገው ከማዘጋጃ ቤት ስንት ቀን ደጅ ጠንታ ያገኘችውን የፕሮጀክቱን ፋይል ነበር። ባለሱቁ ከማሽኑ የወጣ አንድ ገጽ አንስቶ ለውሃልክ እያሳየ፣ «ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ ፊርማ አይደለም?» አለ። ነው። የሱ አንደኛ፣ የኔ ሁለተኛ፣ ከሥር ደግሞ የሃያ ሁለት ጎረቤት። ሻይ የጠጣን ቀን በሩ ላይ አቴንዳንስ ነው ተብለን የፈረምንበት ወረቀት ነበር። አናቱ ላይ «በውይይቱ ተሳትፈው በፕሮጀክቱ የተስማሙ ነዋሪዎች» ይላል። ያን ቀንም እንዲሁ ይል ነበር። ሠላሳ ዓመት ልጆችን ማንበብ ያስተማርኩት ሰውዬ አላነበብኩትም፤ ጥሩ ወንበር እንዳያመልጠኝ እየተጋፋሁ ነበር። እስከዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ውሃልክ ወረቀቱን አገላብጦ አየው። ከዚያ የእህቱን ልጅ «ተሳስቻለሁ። ያንቺን ወረቀት ስጪኝ» አላት። ከላይ እስከ ታች ጣቱን እያስኬደ፣ ወረፋው እያጉረመረመ፣ ሙሉውን አንብቦ ፈረመ።

ምን ያደርጋል። ማዘጋጃ ቤት ስንሄድ ኃላፊው በትህትና ተቀብሎን ፋይሉን ገለጠ። ተቃውሞ ማቅረቢያው ካለፈ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል፤ ደግሞስ እናንተው ተስማምታችኋል፣ ይኸው ፊርማችሁ አለን። ቃል የገባው ሥራ አስኪያጅ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛውሯል፤ የተተካው ስለ ቃሉ ምንም አላውቅም አለ። ልጅቱ ያለችው አንድም ሳይቀር ሆነ። በዓመቱ አዳራሹ ተሠራ፣ ማራገቢያዎቹም ተነስተው ሰፈሩን በጩኸት ሞሉት።

ትምህርቱን ግን ጨርሶ ውሃ አልበላውም። ሁለተኛው አዳራሽ ከታችኛው ሰፈር ሊሠራ ሲታሰብ ውሃልክ እዚያ ቤት ለቤት ዞረ። አናቱን ሳታነቡ አትፈርሙ፣ በቃል የተነገራችሁን በጽሑፍ አምጡ በሉ፣ ቀኑ ሳያልፍ ተቃወሙ እያለ ለመናቸው። ሰሙት። የድምፁ ልክ በቁጥር ተጻፈ፣ መለኪያ ተተከለ፣ አዳራሹም ከቤቶቹ ራቀ። አንብቦ የመፈረም ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ለነሱ ደረሰ፣ ለኛ ግን ረፈደ።

ትናንት ጠዋት ሱሪ ላሳጥር ልብስ ሰፊው ዘንድ ተቀምጬ ሳለሁ የውሃልክ ባለቤት መጣች። ከስፌት መኪናው ሁለት እርምጃ ላይ ቆማ ጭንቅላቷን ወዲያና ወዲህ አዞረች።

«ልብስ ሰፊው ዛሬ አልገባም እንዴ?» አለች።

ልብስ ሰፊው እየሰፋ ነበር። እግሩን ከፔዳሉ አንስቶ እኔን አየኝ። ውሃልክ ሰሞኑን ሳታውቅ ከኋላዋ ይከተላት ኖሮ ቀረብ ብሎ ክንዷን ያዘ።

«ገብቷል። ፊትሽ ነው ያለው» አላት።

ፊቷ ጥቁር አለ። «እንግዲያው ወደ ቤት መልሰኝ» አለችው።

ውሃልክ ግን ካለበት አልተንቀሳቀሰም። «የስምምነቱ ወረቀት ላይ መጀመሪያ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አላት ቀስ ብሎ።

«ምን አልክ? በዚህ ጩኸት አይሰማኝም።»

ጮክ ብሎ ደገመላት። መንገደኛው ሁሉ ዞር ብሎ አየን።