«ተኝታለች» የተባለችው ልጅ

ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ በሚሄደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አራት ሆነን ተጨናንቀናል፤ እኔ፣ ጎረቤቴ ወይዘሮ ዙሀራ፣ የስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ሱሀይላና መሰረት የምትባል የማላውቃት ወጣት። መኪናው ገና ሳይንቀሳቀስ ሱሀይላ ጩኸቷን አቀለጠችው። በጨቅላነቷ ትታት የተሰደደችው እናቷ ሀዲያ ከጅዳ የላከችላትን ባለ ዶቃ ቀሚስ ከላይዋ ልትቀድደው ትታገላለች። እኔ መምህር ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ጩኸት ስሰማ ስለምውል መንገድ ላይ ትዕግሥት የለኝም።

«ጂኑ ነው፣ አትቀየሙን» አሉ ወይዘሮ ዙሀራ በሐፍረት። «አቀስታ ወንድሜ ዘንድ ላስቀምጣት ነው። አንደበቷ እስኪፈታ ሰው ባያያት ይሻላል።»

«እናቷ ታውቃለች?» አልኳቸው።

«ምን ብዬ ልንገራት? በደወለች ቁጥር ‹ተኝታለች› እላታለሁ። በሰው አገር ሐሳብ ይገድላታል።»

መሰረት ጎንበስ አለች። «እማማ፣ ቢፈቅዱልኝ ቀሚሱን እንቀይርላት። ዶቃው እያሳከካት ይመስለኛል።»

ቅር እያላቸው ከፌስታል አሮጌ የጥጥ ቀሚስ አወጡ። ሱሀይላ እሱን ስትለብስ ቀስ በቀስ ዝም አለች። ሁላችንም ተነፈስን።

«ለካ ጂኑ ቀሚስ ነው!» ብዬ ቀለድኩ። ማንም አልሳቀልኝም።

«እኔ ደሴ ልጆችን ንግግር የማለማምድ ባለሙያ ነኝ» አለች መሰረት። «ሐኪም አይቶ ይወስናል እንጂ ኦቲዝም ይመስለኛል። እርግማን አይደለም፤ ድምፁም ልብሱም ለእሷ ከእኛ በተለየ መንገድ ነው የሚሰማት።»

«ታዲያ ለምን አትናገርም? ያላደረግሁላት የለም። ሳትጠማ ውሃ፣ ሳይርባት ምግብ አቀርብላታለሁ።»

«ውሃ ስትፈልግ እጅዎን ይዛ ትጎትትዎታለች?»

«ሁልጊዜ!»

«ያ እኮ መናገር ነው። ቀድመው አይስጧት። የፈለገችውን ነገር ስም ይንገሯትና ትንሽ ይጠብቋት።»

«ልጅ በውሃ ጥም ልቅጣ? ምን ዓይነት ጭካኔ ነው!»

«ቅጣት አይደለም እማማ፣ ራሷ እንድትጠይቅ ተራ መስጠት ነው።»

መሰረት የውሃ ጠርሙስ አነሳች። ሱሀይላ እጇን ሳበቻት። «ውሃ» አለች መሰረትና ጠበቀች። ልጅቷ ቃል አልወጣትም፤ ግን ቀና ብላ አየቻትና ጠርሙሱን በጣቷ ነካች። ወዲያው ተሰጣት።

«አየችሽ! ወላሂ፣ የሰው ዓይን አይታ አታውቅም!» አሉ ወይዘሮ ዙሀራ። ከዚያ ፈራ ተባ እያሉ፣ «ዱዓዬንስ ልተው?»

«ለምን ይተዋሉ? ዱዓዎንም ያድርጉ፣ ወደ ሕክምናውም ያምጧት።»

ወገኖቼ፣ እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ ንግግር ማለማመድ ምላስ መፍታት ብቻ ይመስለኝ ነበር። በምልክትም በሥዕልም ቢሆን ፍላጎትን ማሳወቅ ነው። የዕለት ተዕለት ኑሮን የሚያስተምር ሌላ ባለሙያ ደግሞ መልበስን፣ ማንኪያ መያዝን፣ ጫጫታን መቋቋምን ያለማምዳል። ጭራሽ የማያወራ ልጅም ይኖራል። ይሁንና ቶሎ የጀመረ ራሱን ይችላል፣ ቤተሰቡም ያርፋል። የተደበቀ ልጅ ግን ከማን ይማራል?

አቀስታ ስንቃረብ ኔትወርክ መጣ፤ ሀዲያ በቪዲዮ ደወለች። ወይዘሮ ዙሀራ ስልኩን ይዘው መሰረትን አዩዋት፣ ከዚያ ልጅቷን።

«አልተኛችም» አሉ። «ልጅሽ አትናገርም፣ ሀዲያ። የደበቅሁሽ ይህንን ነው።» ስልኩንም ወደ ሱሀይላ አዞሩት።

ከወዲያ በኩል ለቅሶ ተሰማ። «እማ፣ ሞታብኝ መስሎኝ ነበር እኮ! ሞታ የደበቅሽኝ መስሎኝ ነበር! አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለች! ቆይ፣ ስልኩን አታዙሪብኝ፣ ልያት!»

አያትየው እያለቀሱ ሳቁ። ረዳቱ «አቀስታ ወራጅ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና፣ «የለም ልጄ፣ ደሴ ነን» አሉት።