በሮቹ ለምን አልገጥም አሉ

ሰፈርተኛው ሁሉ «ጋሽ ቱንቢ» የሚላቸው ሽማግሌ አናጢ የመሣሪያ ሣጥናቸውን አንግተው ዳገቱን ሲወጡ፣ አንዲት ወጣት ከላይ ሆና «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ከያዙት ብረት ጋር ትንሽ ራቅ ይበሉልኝ» አለቻቸው። በገዛ ሰፈራቸው ራቅ ይበሉ መባሉ ከነከናቸው። የሚመልሱትን እያሰላሰሉ ጠጋ ቢሉ የእህታቸው ልጅ ሆና አገኟት። ለመጨረሻ ጊዜ ያዩዋት ገና ተማሪ ሳለች ነበር።

«አንቺ ነሽ እንዴ አጎትሽን የምታባርሪው?» አሉ ጉንጯን እየሳሙ።

«አፈር ልሁንልዎት አጎቴ፣ አላወቅሁዎትም። ይህ መሣሪያ የመሬትን የመግነጢስ ኃይል ይለካል። አለቱ ከሥር የት ጋ እንደተሰነጠቀ ከዚያ እንገምታለን። መዶሻና ምስማር ሲጠጋው ግን መሬቱን ትቶ የእርስዎን ሣጥን ይለካል።»

«እኔ ደግሞ ሥራ አለኝ። የልብስ ሰፊው በር አልዘጋ ብሎታል፣ ልልግለት ነው።»

ወጣቷ የያዘችውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «በዚህ በበጋ?»

«እንጨት አይደል፣ ያብጣል።»

«በዝናብ ጊዜ ያብጣል። በበጋ ግን ይኮማተራል እንጂ መች ያብጣል?»

ጋሽ ቱንቢ ሳቁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንጨት ሲልጉ ለኖሩ ሰው፣ ትናንት አዝለው ያሳደጓት ልጅ ስለ እንጨት ስታስተምራቸው ሌላ ምን ያድርጉ? ቤት ይዘዋት ገቡ። ሴት ልጃቸው አራስ ነበረች፤ በጓዳ ከጨቅላዋ ጋር ተኝታለች። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ክርክሩን ቀጠሉ።

«ሌሎችም በሮች ልገዋል?» አለች የእህታቸው ልጅ።

«የዚህ መንገድ በር በሙሉ በእጄ አልፏል። የእኔንም በር ልጌዋለሁ፣ ያውም ደጋግሜ።»

«የሚይዘው የትኛው ጥግ ነው?»

«የላይኛው፣ በዳገቱ በኩል ያለው።»

«የሁሉም?»

ሽማግሌው ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። የልብስ ሰፊውን አሰቡ፣ የባልቴቷን፣ የጫማ ሰፊውን። «የሁሉም» አሉ በመጨረሻ፤ ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ራሳቸውንም ቅር አላቸው።

«እንጨት ቢሆን አንዱ በላይ፣ አንዱ በታች ይይዝ ነበር። የሁሉም በር በአንድ ጥግ ከያዘ፣ የዘመመው መቃኑ ነው። መቃኑን ያዘመመው ደግሞ ቤቱ የቆመበት መሬት ነው። አጎቴ፣ ይህ ዳገት ወደ ታች እየሄደ ነው።»

«መቼ ነው የሚወርደው ታዲያ?»

«ቀኑን አላውቅም። ማንም አያውቅም።»

«ቀኑን ካላወቅሽው ምኑን ተማርሽው? እኔ ይህን ቤት ስሠራ አንቺ አልተወለድሽም። አንድም ቀን ነቅነቅ ብሎ አያውቅም።»

ሽማግሌውን ለመውቀስ አንቸኩል። ሰው ቤቱን በገዛ እጁ ሲሠራ ላቡን ብቻ ሳይሆን ስሙንም ነው የሚያኖርበት፤ ዘመመብህ ሲሉት የሰደቡት ይመስለዋል።

ልጅቱም ይህ ገብቷት ኖሮ አልተቆጣችም። «ሐኪምም ሰው የሚሞትበትን ቀን አያውቅም፣ ትኩሳቱን ግን ይለካል። እኔን አይመኑኝ። ቱንቢዎን ያውጡና እርስዎ ራስዎ ይለኩ» አለች በትሕትና።

አፏን ሊያስይዟት ቸኩለው ተነሡ። በጓዳው በር፣ በዳገቱ በኩል ካለው መቃን አናት ላይ ክሩን ይዘው በጫፉ የታሰረውን ቱንቢ ለቀቁት። ተወዛውዞ ሲቆም፣ ከላይ እንጨቱን የነካው ክር ከታች አውራ ጣት የሚያስገባ ያህል ርቆ ነበር።

ክው አሉ።

ክሩ ተጣሞ ይሆናል ብለው ሌላ ክር አሰሩ። ያው ሆነ። ወደ ውጪው በር ሄዱ፤ ያው። ይህን መቃን ሲተክሉ ክሩ ከአናቱ እስከ እግሩ እንጨቱን ታክኮ ወርዶ እንደነበር ያስታውሳሉ። ቤታቸው ሲጮህባቸው የኖረው በዚያ ጥግ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ መላጊያ እያነሡ አፉን ሲያስይዙት ኖረዋል። ደፉ ላይ ቁጭ አሉ። ከጓዳ ሕፃኑ አለቀሰ።

«እዚህ ነው ያስተኛሁት» አሉ። «የልጅ ልጄን እዚህ ነው ያስተኛሁት።»

ከዚያ በኋላ ማንም አልመከራቸውም። አራሷን ደግፈው፣ ሕፃኑን ታቅፈው ሜዳው ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት አወረዷቸው። ተመልሰውም ቱንቢያቸውን ይዘው በየደጁ ዞሩ። ልጅቱ የመሥሪያ ቤቷን ወረቀት ብታሳይ ብዙዎቹ ባልሰሟት ነበር። እሳቸው ግን በየቤቱ ክሩን ከመቃኑ አንጠልጥለው አሳዩ፤ ሰውም እያየ ክው ይል ጀመር። ልብስ ሰፊው ብቻ «ጋሼ፣ ጃጅተዋል ልበል?» ብሎ ቀለደ። ቱንቢው ሲቆም ግን ቀልዱን ትቶ የስፌት መኪናውን ተሸክሞ እንደ ሌላው ሁሉ ወደ ትምህርት ቤቱ ወረደ።

ዝናቡ በገባ በሳምንቱ፣ ፀሐይ በወጣበት ከሰዓት ላይ፣ ዳገቱ ተናደ። ሰው ሁሉ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቆሞ መንገዱ ከነቤቱ፣ ከነዛፉ ሲወርድ አየ። ልብስ ሰፊው ልጆቹን በየስማቸው እየጠራ ቆጠራቸው፣ ደግሞ ቆጠራቸው። አንድም ሰው አልጎደለም።

የመሬት ጥናት ጥቅሙ ምንድን ነው ለሚል መልሱ ይኸው ነው። ዳገቱን አላቆመውም፣ ቀኑንም አልተናገረም፤ ሰውን ግን በጊዜ ከሥሩ አወጣ። የበሩን መያዝ፣ የግድግዳውን መሰንጠቅ፣ የምንጩን ድንገት መደፍረስ ልስን ሳይቀቡና መላጊያ ሳያነሡ በፊት ለሚያውቅ ሰው መንገር ልማድ ቢሆን፣ ስንቱ ቤተሰብ በተረፈ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሜዳው ላይ በተሠራው አዲስ ቤት፣ በዝናብ ቀን፣ ልጃቸው ሕፃኑን እንደታቀፈች «አባዬ፣ በሩ አልዘጋ አለኝ» አለች።

ጋሽ ቱንቢ ፊታቸው ተለወጠ። መላጊያውን አልፈው ቱንቢውን አነሡ፤ ክሩን ከመቃኑ አናት ላይ ያዙ። ቱንቢው እስኪቆም አባትና ልጅ ዓይናቸውን ከክሩ አልነቀሉም። ክሩ ከላይ እስከ ታች እንጨቱን ታክኮ ቆመ።

«እንጨቱ ነው» አሉ አናጢው፣ እንባቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ። «አብጦ ነው፣ ልጄ። እንጨቱ ብቻ ነው።»

ከዚያ በኋላ መላጊያቸውን አነሡ።