የሀጂራ ሙክት

— ሄሎ? … ማን ልበል? … አአ፣ ሀጂራ! ቁጥርሽን አልመዘገብኩትም'ኮ። … አዎ፣ ፍሬሕይወት ነኝ። ደህና፣ ፈጣሪ ይመስገን። … የት ነሽ ነው ያልሽኝ? ኤቢሴ ቤት። … አዎ፣ ሁላችንም አለን፣ ሊዲም አለች።

— ዛሬ? ዛሬ ምን አለ? … አንቺ ቤት? ምሳ? … ውይ በሞትኩት! ለካ ከጓደኞቼ ጋር ጠርተሽን ነበር! … ኤቢሴ፣ ሀጂራ ናት። ያቺ የአብሮ መኖር ሥልጠናው ላይ ከኔ ጋር የነበረችው፣ የደራዋ። ምሳ ሠርታ እየጠበቀችን ነው! … አትሳቂ እንጂ፣ ትሰማሻለች።

— ሄሎ፣ አለሁ። … እሱማ ልክ ነሽ፣ አሠልጣኙ «ከማታውቁት ሰው ጋር ተወዳጁ፣ ቤት ለቤት ተጠያየቁ» ብሏል። ግን ሀጂራዬ፣ ሥልጠናው'ኮ አለቀ። ፎቶውንም ተነሳን፣ ሰርተፊኬቱንም ወሰድን። … አይ፣ እንደሱ ማለቴ ሳይሆን… እሺ፣ እንደሱ ማለቴ ነው። እያንዳንድሽ ከሃይማኖትሽም ከዘመድሽም ያልሆነ ሰው ይዘሽ ነይ ተባልን፤ አንቺ ደግሞ ሱቄ ፊት ለፊት ሽንኩርት ትሸጫለሽ። ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም፣ በቃ። … ተቀየምሽ እንዴ? እውነቱን ነው የነገርኩሽ።

— ምን? … አማትሽ? ከደራ ድረስ መጡ? … እኛን ሊያዩ? … «አዳማ ላይ ሰው አግኝቻለሁ» ብለሻቸው? … ኧረ አንቺ ልጅ፣ ማን በይ አለሽ?

— ሙክት? ለእኛ ብለሽ? … ሙክት አሳርዳለች! … ማን ባረከው ታዲያ? … ጉቱ? ባለ ባጃጁ? … እኛ እንድንበላው ብለሽ ክርስቲያን ጠርተሽ አሳረድሽ? … እና እናንተ አትቀምሱትማ! … ልጆቹም? … አማትሽም ጦማቸውን ሊውሉ? … ወይ ጉድ! እናንተ፣ ሙሉ ሙክት አሳርዳ ቤቷ ውስጥ የሚበላው ሰው የለም! … ይቅርታ ሀጂራ፣ ሊዲ ናት የምትስቀው።

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ? … ኧረ አታልቅሺ፣ ለበግ ይለቀሳል?

— ስሚኝ። ሥጋው መበላሸት የለበትም፣ ግፍ ነው። ባጃጅ ላይ ጭነሽ ላኪልን። … አዎ፣ እዚህ። ኤቢሴ እንደሆነ ሽሮ ነው ያቀረበችልን። ጉቱ ያምጣው፣ ወጡንም ጥብሱንም። … ትልኪያለሽ? … ገላቶሚ፣ አመሰግናለሁ፣ የኔ ደግ! … እንጀራ ጨምሩ፣ ሥጋ እየመጣ ነው!

— ምን አልሽ? … አብረሽው? … ከአማትሽ ጋር? ለሰላምታ ብቻ? … አይ፣ አንቺማ አትልፊ። ወንበሩም ሞልቷል። ድስቱን ጉቱ ይመልስልሻል።

— በይ ፍጠኚ፣ ሳይቀዘቅዝ። ቻው።