ጄኔራሉና የአልጋ አነጣጠፌ

እኛ ሆላንድ በመጣንበት ጊዜ፣ ሊያ፣ «መኮንን ነበርኩ» ብሎ የሚናገር ስደተኛ ሞኝ ነበር። ያውም የደርግ መኮንን። ስደተኛ ቢሮ «ምን ሠርተህ መጣህ?» ብለው ያፋጥጡታላ። ታዲያ እኔም «አስተማሪ ነበርኩ» አልኩና የመኖሪያ ወረቀቱን እየጠበቅሁ ዴንሃግ አንድ የአረጋውያን ቤት ጽዳት ገባሁ። እና እዚያ አንድ ጄኔራል ነበሩ፣ ሆላንድ ኢንዶኔዥያን ስትገዛ የነበረው ጦር ጄኔራል፣ ሰማንያን ያለፉ፣ ጠያቂ የሌላቸው።

አንድ ቀን አልጋቸውን ሳነጥፍ አንሶላውን በአራቱም ማዕዘን ጥርት አድርጌ አጥፌ ከፍራሹ ሥር ወተፍኩት። እጄ የለመደው ነዋ፣ ጦር አካዳሚ እንደዚያ ያላነጠፈ ቁርስ አይቀምስም። ታዲያ ሰውዬው ትክ ብለው አዩኝና በእንግሊዝኛ፣ «አንተ አስተማሪ አይደለህም፤ ማዕረግህ ምን ነበር?» አሉኝ። ክው አልኩ። ወሬው ስደተኛ ቢሮ ቢደርስ አለቀልኝ፣ እናትሽ አንቺን ይዛ ካርቱም እኔን ትጠብቃለች።

«መቶ አለቃ» አልኳቸው፣ ምን ላድርግ።

«በሩን ዝጋ» አሉ። ዘጋሁ። እና ጀመሩልሽ። መቶ አለቃ ሆነው ሱማትራ አንድ መንደር አቃጠሉ፣ ሻምበል ሆኑ። ሻምበል ሆነው ሌላ መንደር አቃጠሉ፣ ሻለቃ ሆኑ። እንዲህ እንዲህ እያሉ እስከ ጄኔራልነት፣ የየመንደሩን ስም እየጠሩ፣ አንዱም ሳይዘነጋቸው። ከዚያ ቀና ብለው፣ «አንተስ፣ ስንት?» አሉኝ።

ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። «አንድ» አልኳቸው። ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልነገርኩትን ነው፣ ሊያ።

ታዲያ ሳል እስኪያፍናቸው ሳቁና፣ «ለዚህ ነዋ መቶ አለቃ ሆነህ የቀረኸው» አሉኝ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አብሬያቸው ሳቅሁ።

ለማንም አልተናገሩብኝም። በዚያው ዓመት ሞቱ፣ ቀብራቸው ላይ እኔና ሁለት ነርሶች ብቻ ቆምን። ወረቀቴም ወጣ፣ እናንተም መጣችሁ። ይኸው ነው።



«ፓፓ፣ ሰዎቹ ወጥተው ነበር?»

የትኞቹ ሰዎች?

«አንተ ያቃጠልከው መንደር። ሰዎቹ ቀድመው ወጥተው ነበር ወይ?»

የደረስነው ገና ሲነጋጋ ነበር፣ ልጄ። ሰው ሁሉ ቤቱ ነበር።