ለእንግዳ ሲባል የተጫኑት እናት

ደሴ ሰኞ ገበያ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ተቀምጠው የሚለምኑትን እማማ ዘሀራን ትናንት ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሳገኛቸው ደነገጥኩ። «ምን እግር ጣለዎት?» አልኳቸው።

«እንግዳ ይመጣል ብለው ለማኙን ሁሉ በመኪና ጭነው እዚህ ጣሉን። ልጄ ከአረብ አገር ስትመለስ የምትፈልገኝ እዚያው ቦታዬ ላይ ነው!»

ደሜ ፈላ። ከተማ ማጽዳት ማለት ድሃን ወስዶ ጎረቤት ከተማ መድፋት ነው? እኔንስ ባላጠፋሁት ከሥራ ያባረሩኝ እንዲሁ ጠያቂ የለም ብለው አይደል? «ይነሡ፣ አቤት እንበል! ማመልከቻውን እኔ እጽፋለሁ» አልኳቸው።

«አንተ ከተባረርክ ጀምሮ ስትጽፍ አይደል የኖርከው? ወላሂ፣ እኔ ያን ያህል ዕድሜ የለኝም። ይልቅ የደሴ ሚኒባስ ላይ አሳፍረኝ።»

ሚኒባሱ ሊሞላ ነበር፤ እየተነጫነጭኩ ደግፌ አሳፈርኳቸው።