በሞቴ የማይባልበት ቤት

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ የራበው ሰው ምግብ ሲቀርብለት «አይ፣ በልቻለሁ» የሚለው ለምንድን ነው? አትሳቁ፣ መልሱልኝ። ሃምሳ ዓመት አስቤበት ያልጨረስኩት ጥያቄ ነው። እናንተ ኮሌጅ የምትገቡ አዋቂዎች ናችሁ፣ እኔ ኮሌጅ የቆየሁት አንድ ዓመት ብቻ ነው። ሰናይት ናት ጉዱን ያመጣችው። «እትዬ የሺ፣ ብዙ አንብበዋል፣ ለልጄ ለሶልያናና ለሰፈሩ ልጆች ምክር ይስጡልን» ብላ ሰበሰበቻችሁ። ሰናይት የእህቴ ልጅ ናት፣ ከክፍለ አገር ስመለስ ቤቷ ያስገባችኝ እሷ ናት፣ እና እምቢ ማለት አልቻልኩም። ምክሬ ግን አንዲት ናት። ሶልያና፣ ስልክሽን ወደ እኔ አስጠጊው፣ ድምፄን በደንብ ይቅዳ።

በእኛ ጊዜ፣ እዚሁ ጉለሌ፣ ልጅ ጨዋ መሆኑ የሚታወቀው ሰው ቤት ሲገባ ነበር። እናቴ ጎረቤት ይዛኝ ስትሄድ በራቸው ላይ ቆም ትልና «ሦስት ጊዜ!» ትለኛለች። ሦስት ጊዜ ማለት ምን መሰላችሁ? መጀመሪያ «ብዪ» ሲሉሽ «በልቻለሁ» ትያለሽ። ሁለተኛ «ኧረ ቅመሺ» ሲሉሽ «እውነቴን ነው፣ ጠግቤያለሁ» ትያለሽ። ሦስተኛ፣ ባለቤቲቱ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» ብላ ከመቀመጫዋ ስትነሳ፣ ያኔ አንገትሽን ደፍተሽ «እሺ፣ ትንሽ» ትያለሽ፣ እና እንደ ጅብ ትበያለሽ። አንድ ቀን በሁለተኛው ላይ «እሺ» ብዬ እናቴ እዚያው በዓይኗ ቆነጠጠችኝ፣ ቤት ስንገባ ደግሞ በእጇ። «በቤቷ የማትበላ አስመሰልሽብኝ!» እያለች።

መግደርደር ይሉታል። እኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ስለ ፋርስ ሰዎች አንብቤያለሁ፣ እነሱም አላቸው። ባለ ሱቁን «ስንት ነው?» ስትዪው «ኧረ ምንም አይደል፣ ውሰጂው» ይላል አሉ፣ ግን እውነት ብለሽ ብትወስጂ ጉድ ይፈላል። ያን ባነበብኩ ቀን ብቻዬን ሳቅኩ። ዲኑ የፋርስ ሰው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ዶክተር የሺ ነበርኩ!

ዲኑ ማን ነው? ቆይ፣ እመጣለሁ።

ታዲያ ጽጌ የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ። ቤታቸው ከእኛ በላይ ነበር፣ አሁን የእጽዋት ማዕከሉ ካለበት ዳገት ሥር። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥን፣ አብረን ተፈተንን፣ አብረን ኮሌጅ ገባን። ሰፈሩ «መንትዮቹ» ይለን ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ ከሴቶቹ እኔ አንደኛ ወጣሁ፣ እሷ ሁለተኛ። እኔ ሐኪም መሆን ነበር የምፈልገው። ታናሽ ወንድሜ በሦስት ቀን ትኩሳት ሞቶብን ነበር፣ ሐኪሙ ለአባቴ «ቀደም ብላችሁ ብታመጡት ኖሮ» ሲለው ሰምቻለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ነገር ተመኝቼ አላውቅም። ጽጌም ይህን ታውቃለች። በዓለም ላይ ከሁሉ አብልጣ የምታውቀው እሷ ናት።

አንድ ቀን የኮሌጁ ዲን ሁለታችንንም አስጠራን። ረጅም ፈረንጅ ነበር፣ አንገቱ እንደ ሽመላ። መጀመሪያ እኔን አስገባኝ። «ቤሩት ሄዳ ሕክምና የምትማር አንዲት ተማሪ እንድንልክ ተጠይቀናል። አንደኛ የወጣሽው አንቺ ነሽ። መሄድ ትፈልጊያለሽ?» አለኝ።

ልቤ ሊፈነዳ! አፌ ግን፣ ያ የእናቴ አፍ፣ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አይ፣ ለእኔ ይቅርብኝ፣ ሌላ ሰው ይሂድ።» አንደኛው መሆኑ ነው እንግዲህ! ዲኑ መነጽሩን አውልቆ አየኝ። «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። በሆዴ «ሁለተኛው መጣ፣ ጎበዝ!» አልኩ። «እርግጠኛ ነኝ፣ አመሰግናለሁ» አልኩት፣ አንገቴን ደፍቼ። እና ሦስተኛውን ጠበቅኩ። ጠበቅኩ። ጠበቅኩ። ዲኑ የብዕሩን ክዳን ገጠመ፣ ቀጭ! «መልካም። ግልጽ ስለሆንሽልኝ አመሰግናለሁ» አለኝ። ግልጽ! ትሰማላችሁ? ግልጽ አለኝ!

ታዲያ ወጣሁና ምን አደረግኩ? ደጁ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጥኩ። መልሶ ይጠራኛል ብዬ! በእኛ ቤት እንኳን እንግዳ፣ ተሰናብቶ በር የደረሰም ሰው እጁን ተይዞ ይመለሳል። ጽጌ ገባች። በሩ ገርበብ ብሏል፣ ሁሉም ይሰማል። ዲኑ፣ «ጓደኛሽ አልፈልግም አለችኝ፣ ለምን ይመስልሻል?» አላት። እኔ ውጭ ሆኜ «ንገሪው፣ ጽጌ፣ ንገሪው» እላለሁ። «እየተግደረደረች ነው፣ አንዴ ድገምላት» ብትለው በቃ ነበር እኮ! ጽጌ ዝም አለች። ዝም አለች፣ እና «አላውቅም» አለች። «አንቺስ ትፈልጊያለሽ?» «አዎ፣ እፈልጋለሁ።»

በአንድ ትንፋሽ! አይ የለ፣ ይቅርብኝ የለ።

ስትወጣ ፊቴ ቆመች። «የሺ፣ ምን ላድርግ?» አለችኝ። «እንኳን ደስ ያለሽ» አልኳት። እሱንም በጨዋ ደንብ!

ምን አልሽ ሶልያና? ጮክ በዪ። «ተመልሰው ለምን አልነገሩትም?» ጥሩ ጠየቅሽ። በማግስቱ ሄጃለሁ። እስከ ደጁ ድረስ ሄጃለሁ። ጸሐፊዋ ቀና ብላ «ምን ፈልገሽ ነው?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ምንም! ይሉኝታ የሚሉት ነገር እግር ያስኬድና አፍ ይዘጋል።

በዚያው ክረምት አባቴ አረፈ። ኮሌጁን ትቼ መምህርነት ተቀጠርኩ፣ ጎሬ ተመደብኩ፣ ለጥቂት ጊዜ ነው ብዬ ሄጄ ሃምሳ ዓመት ያህል ኖርኩ። ጎሬን አታውቁትም፣ ዝናቡ ሲጀምር ማቆሙን ይረሳል። የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ቁልፍ እኔ ጋ ነበር፣ እና ያለውን መጽሐፍ ሁሉ አነበብኩ፣ ጨርሼም ደገምኩ። የሕክምና መጽሐፍም ነበረበት፣ አንድ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ። እሱንም ደገምኩት። ለማን? ለዝናቡ።

እዚያ ሆኜ አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። እኔና ጽጌ የአንድ ሰፈር ልጆች፣ የአንድ ደብር ልጆች ነን። ታዲያ እሷን «እፈልጋለሁ» ማለት ማን አስተማራት? ሳስብ፣ ሳስብ፣ አንድ ቀን ትዝ አለኝ። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ጽጌ ቤት ሄድኩ። እናቷ ጭራሮ ለቅማ የምትሸጥ ሴት ነበረች፣ አምስት ልጅ ብቻዋን የምታሳድግ። የተቀቀለ ድንች አወጣችና «ነይ ብዪ፣ የሺ» አለችኝ። እኔ «በልቻለሁ» አልኩ። «እሺ ልጄ» አለች፣ እና የእኔን ድንች ለትንሹ ልጅ ሰጠችው። በቃ! ጦሜን ወደ ቤት ሄድኩ። ለእናቴ ስነግራት «ወጉን አታውቅም፣ ምስኪን» አለች። ጎሬ ላይ ነው የገባኝ። በጽጌ ቤት ሦስት ጊዜ የሚባል ነገር የለም፣ ሦስት ጊዜ የሚያስብል ድንች የለማ! እምቢ ያለ ልጅ ጦሙን ያድራል። መግደርደር ለካ «በሞቴ» የሚለው ሰው ላለው ልጅ ነው።

እና ምክሬ ይቺው ናት። ኮሌጅ በሞቴ የማይባልበት ቤት ነው። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም፤ ዲኑ ክፉ ሰው አልነበረም መሰለኝ፣ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ፣ ምናልባት ማታ ለሚስቱ «ዛሬ አንዲት ገራሚ ልጅ አየሁ፣ ቤሩት አልሄድም አለችኝ» ብሏት ይሆናል። እዚያ አንዴ ይጠይቋችኋል፣ መልሳችሁን ይጽፋሉ፣ ክዳኑን ይገጥማሉ። አስተማሪው «ያልገባው አለ?» ሲል ሁሉም ዝም ይላል፣ እሱም «አንዴ ልድገምላችሁ፣ በሞቴ» አይልም፣ ሰሌዳውን ያጠፋል። እናንተ አሁን ሁሉን በስልክ ትሞላላችሁ አሉ፤ ስልክ ደግሞ ከዲኑም የባሰ ነው፣ አንገት መድፋታችሁን አያይም።

ይቺው ሶልያና ባለፈው ሰኞ ምን አደረገች? ለምዝገባ ሄደች፣ ኮሌጁ ከተማውን አቋርጦ ነው፣ ሴትየዋ «ዶርም ትፈልጊያለሽ?» አለቻት። የእኛዋስ? «አይ፣ ችግር የለም፣ ከቤት እመላለሳለሁ።» ስድስት ሰው በሁለት ክፍል፣ ቴሌቪዥኑ በማይጠፋበት ቤት፣ ንጋት ላይ የታክሲ ሰልፍ ይዛ! አልጋውን አጥብቃ ትፈልገው ነበር። ስትነግረኝ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። «ነገ ጠዋት ትመለሻለሽ» አልኳት። «እማማ የሺ፣ ምን ብዬ? ያፍሩብኛል እኮ!» «እነሱ አያፍሩም፣ አንቺ ታፍሪያለሽ። አፍረሽ ትናገሪያለሽ።» ሄደች። ሴትየዋ «ትናንት አልፈልግም አላልሽም እንዴ?» ብላ አፈጠጠችባት። አንቺስ ምን አልሽ? ንገሪያቸው። «ተሳስቼ ነው፣ እፈልጋለሁ።» ድምፅሽ ተንቀጠቀጠ አይደል? ይንቀጥቀጥ! በሩ አጠገብ፣ የተደራራቢ አልጋ የላይኛውን አገኘች፣ ማንም ያልፈለገውን። የእሷ ነው።

ጽጌማ ዶክተር ሆና ተመለሰች፣ ብዙ ልጅ አዳነች ይላሉ። አሁን ጡረታ ወጥታለች፣ ቤቷ እዚህ ጳውሎስ አካባቢ ነው። መመለሴን ሰምታ ለሰናይት ደወለች። ትናንት ሰናይት አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች። «እትዬ የሺ፣ ዶክተር ጽጌ ደውለው ነበር። ያን ቀን አውቄ ነው ዝም ያልኩት፣ መጥቼ ይቅርታ ልጠይቃት ይላሉ።» አያችሁ? አውቄ ነው አለች! «አውቃ ይሆን፣ ሳታውቅ?» እያልኩ ሃምሳ ዓመት የጠየቅኩት ተመለሰልኝ።

«አትምጣ» አልኩ።

«ኧረ እትዬ፣ እሳቸውም አርጅተዋል፣ ጉልበታቸውም እምቢ ብሏቸዋል።»

«አትምጣ።»

ሰናይት ተነሳች። «በሞቴ! አፈር ስሆን!»

ሶልያና በዚያ በኩል በጣቷ ስትቆጥር አየኋት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እና ፈገግ አለች። አሁን «እሺ፣ ትንሽ» ይላሉ ብላ ነው። ሳቄ መጣ፣ አልዋሽም፣ ሳቅኩ። ግን ስሙኝ፣ ይሄ መግደርደር አይደለም። የጽጌ ረሃብ ገብቶኛል፣ የዲኑ አለማወቅ ገብቶኛል፣ የእናቴ ኩራት ገብቶኛል፣ እዚያ አግዳሚ ላይ የተቀመጠችው ሞኝ ልጅም ገብታኛለች። አንዳቸውንም ይቅር አልልም።